ሦስት ጣት ከፍታ፦ የአሮጌ ብስክሌትን መሪ በርካሽ ከፍ ስለማድረግ

ሐኪሙ የደነዘዙትን ሁለት ጣቶቼን ካገላበጠ በኋላ የጠየቀኝ ስለ ጣቶቼ አልነበረም። «ብስክሌት ይነዳሉ እንዴ?» አለኝ። እነዳለሁ፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ብስክሌት የማይነዳ ማን አለ! «እንግዲያው መሪውን ከፍ ያድርጉት» ብሎ ክኒን ሳያዝልኝ ሸኘኝ። የትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ግማሽ የሚያገለግለው ነርቭ በመዳፋችን ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። የላይኛው አካላችን ክብደት በመዳፍ በኩል መሪው ላይ ሲያርፍ ያ ነርቭ ይጨፈለቃል። ነገሩ ከብስክሌተኞች ጋር ከመቆራኘቱ የተነሳ ሐኪሞች «የመሪ ሽባነት» የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። ጎንበስ ብለው እየነዱ መንገዱን ለማየት ቀና ለማለት የሚደረገው ትግል ደግሞ ማጅራትን ይጨምርበታል።

«ከፍ ያድርጉት» ለማለት ቀላል ነው። የእኔዋ ብስክሌት መሪዋ ወደ ታች የተቆለመመ አሮጌ ኮርሳ ናት። ይዣት አራት ጥገና ቤት ዞርኩ፤ አራት መልስ አገኘሁ። አንደኛው ብሎኑን አላልቶ መሪውን ወደ ላይ ሳብ አደረገና «ይኸው ጋሼ፣ ወጣልዎት» አለኝ። ሁለተኛው «ይቺ አርጅታለች፤ ሸጠው ማውንቴን ይግዙ» ብሎ መከረኝ። ሦስተኛው መሪውን ብቻ በሌላ መቀየር ይበቃል አለ። አራተኛው አንገቱን ቆርጦ በብየዳ ሊቀጥልልኝ ተነሳ። ሁሉም የተናገሩት ከልባቸው ነው። ዛሬ፣ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ካየሁት በኋላ፣ ፍርዴ ይህ ነው፦ የአንደኛው ሐሳብ ልክ ነበር፣ እጁ ግን ከልኩ አልፏል። የሦስተኛው ከሁሉም የተሻለ ነው። የሁለተኛው ምክር የሻጭ ምክር ነው። የአራተኛው ሰው ይገድላል።

አስቀድሞ ስለ ቃላት ጥቂት። የብስክሌት ቋንቋችን ብዙው ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ጎማ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ፒንሳ እያልን የምንጠራው በእነሱ አፍ ነው። መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘውን ብረት እዚህ «አንገት» እለዋለሁ። ሹካው ወደ ላይ ወጥቶ አንገቱን የሚቀበልበትን ክፍል ደግሞ «የሹካ ቱቦ» እለዋለሁ።

ቁልፍ ከማንሳት በፊት ኮርቻውን ማየት ያስፈልጋል። አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ ኮርቻ ሰውን ያለማቋረጥ ወደ ፊት ያንሸራትታል፤ ያ ሰው እንዳይንሸራተት የሚገታው በመዳፉ ነው። ኮርቻውን በውኃ ልክ አስተካክሎ ማሰር ብቻ የእጅን ሕመም ሲያቃልል አይቻለሁ፤ ዋጋው ደግሞ ባዶ ነው። ብዙ ሰው ግን መሪው ዝቅ ሲልበት ኮርቻውንም ዝቅ ያደርጋል። በእርግጥ የሁለቱ ልዩነት ይጠባል፤ ዕዳው ግን ወደ ጉልበት ይዞራል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ ሲያርፍበት እግር ቀጥ ካለ የኮርቻው ቁመት ልክ ነው፤ ከዚያ በታች ማውረድ አያስፈልግም። ኮርቻውን ወደ ፊት መግፋትም አታላይ ነው። መሪውን ያቀርባል፣ ነገር ግን የሰውነትን ሚዛን ይዞ ወደ ፊት ስለሚሄድ እጅ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይብሳል።

ኮርቻው ተስተካክሎም እጅ ከደነዘዘ ጥፋቱ የመሪው ነው። እዚህ ላይ የብስክሌት ማርጀት በረከት ይሆናል። በአሮጌዎቹ ላይ አንገቱ የሹካ ቱቦ ውስጥ እንደ ጎራዴ ሰገባው ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሳብ ሲያደርጉት ከፍ፣ ገፋ ሲያደርጉት ዝቅ ይላል። አሜሪካዊው ሬደር እ.ኤ.አ. በ1992 የፈጠራ መብት ያገኘበትና ዲያ ኮምፕ የተባለው ኩባንያ ገበያ ላይ ያወጣው ዘዴ ይህን ገለበጠው። በአዲሱ ዘዴ አንገቱ የሹካውን ቱቦ ከውጭ ያቅፈዋል፤ ቱቦው ደግሞ ገና ሲገጠም በልክ ተቆርጧል። ቀላልና ጠንካራ ነው፣ አይካድም። ግን አንድ ጊዜ የተቆረጠ ቱቦ አያድግም። እናም «አርጅታለች» ተብላ የምትናቀው ብስክሌት ከአዲሷ ይልቅ ለወገብ ታዛዥ ሆና ትገኛለች። ሽጠህ አዲስ ግዛ የሚለውን ምክር የሻጭ ምክር ያልኩት ለዚህ ነው።

የአሮጌው አንገት አሠራር ቀላል ነው። ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ረጅም ብሎን አለ፤ ጫፉ ላይ ሽብልቅ ታስሯል። ብሎኑ ሲጠብቅ ሽብልቋን ወደ ላይ ይስባታል፤ እሷም ወደ ጎን እየተገፋች የቱቦው ግድግዳ ላይ ትነክሳለች። ለማላላት ብሎኑን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም፤ ከወጣ ሽብልቋ ወርዳ ቱቦው ውስጥ ትቀራለች። አራት አምስት ዙር ብቻ ይፈታል፤ ብዙ ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ኤል ቁልፍ ይበቃል። የብሎኑ ራስ ብድግ ሲል እንጨት ተደርጎበት በመዶሻ አንድ ሁለቴ መታ ይደረጋል፤ ሽብልቋ ትለቃለች። ከዚያ የፊት ጎማን በሁለት ጉልበት መሃል ጠብቆ መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ መሳብ ነው። በአሮጌው ዘዴ ሹካውን የያዘው ኩሽኔታ የራሱ ዳዶ ስላለው በዚህ ሥራ አይነካም።

አንገቱ የማይወጣ ከሆነ ያረጀ ትዳር ገጥሟችኋል ማለት ነው። የአሉሚኒየም አንገትና የብረት ቱቦ ለዓመታት ላብና የክረምት ውኃ ሲጠጡ ይያያዛሉ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከላይ ማንጠባጠብ፤ ብስክሌቷን ገልብጦ ከሹካው ሥር ባለው ቀዳዳ በኩልም መጨመር፤ አንድ ሌሊት ማሳደር፤ በማግስቱ ደግሞ መሞከር። በሦስተኛው ቀን የተላቀቀ አውቃለሁ። ሹካውን ሞርሳ ውስጥ አስሮ መሪውን በረጅም ቱቦ መጠምዘዝ ግን ሹካውን ማጣመም ነው፤ የተጣመመ ሹካ የሚቀናበት ቤት አላየሁም። ሲወጣ ተጠርጎ፣ አንገቱም ሽብልቋም የብሎኑ ጥርስም ግሪስ ተቀብቶ ይመለስ። በየዓመቱ ይህን የሚያደርግ ሰው የዘይቱ ሌሊት አይደርስበትም።

አሁን እንደ ልብ መሳብ አይቻልም። አንገቱ ላይ በዙሪያው የተቀረጸች መስመር አለች፤ ትርጉሟ «ከዚህ በላይ አታሳየኝ» ነው። መስመሯ ከቱቦው ወጥታ ከታየች አንገቱ ውስጥ የቀረው ክፍል የነጂውን ክብደት ሊሸከም አይችልም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ደንብ ይህች መስመር ከአንገቱ ጫፍ ቢያንስ የውፍረቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ከፍ ብላ እንድትቀረጽ ያዛል። ለተለመደው 22.2 ሚሊ ሜትር አንገት ይህ 55.5 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ 65 ሚሊ ሜትር ውስጥ ካልቀረ አልነዳም፤ መስመር የሌለው ወይም የተፋቀ አንገት ሲገጥማችሁ በዚሁ ልክ ራሳችሁ አስምሩ። ጥንቃቄው ስለ አንገቱ መሰበር ብቻ የመጣ አይደለም። የሹካው ቱቦ ላይኛው ጫፍ ከውጭ ጥርስ ስለተቆረጠበት ከሌላው ክፍል ይሳሳል። ሽብልቋ ከዚህ ስስ ክፍል በታች ካልወረደች ስትነክስ ቱቦውን ትሰነጥቀዋለች፤ አንገት ይገዛል፣ ሹካ ግን ለአሮጌ ብስክሌት ከየት ይገኛል?

የመጀመሪያው ጥገና ቤት «ይኸው ጋሼ» ብሎ ያወጣልኝን ቤት ገብቼ ስለካው ውስጥ የቀረው 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። መስመሯ ፀሐይ እየሞቀች ነበር ማለት ነው፤ እኔም በዚያች 40 ሚሊ ሜትር ላይ ተመክቼ ሁለት ቀን ገበያ ደርሼ ተመልሻለሁ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ለሽማግሌ ደግ ሊሆን ፈልጎ ነው። መልሼ ሳወርደው በሕጋዊ መንገድ ያገኘሁት ጭማሪ 2 ሳንቲ ሜትር ሆነ። አንድ ጣት ማለት ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር የአብዛኞቹ አጭር አንገቶች ዕጣ ነው፤ ነጻ ነውና አይናቅም። በተጨማሪ አንገቱ ቀጥ ብሎ ስለማይወጣ፣ ወደ ኋላ ያጋደለ በመሆኑ፣ መሪው ከፍ ሲል ወደ ነጂው ይቀርባል። በአብዛኛው ኮርሳ ላይ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። 

ሲጠብቅ ደግሞ እልህ አያስፈልግም። ከመጠን በላይ የተጠመዘዘች ሽብልቅ የሹካውን ቱቦ ከውስጥ ታሳብጠዋለች። ጎማውን በጉልበት ይዞ መሪውን በመጠነኛ ኃይል ሲያዞሩት ካልተንቀሳቀሰ በቂ ነው። እንዲያውም ስንወድቅ መሪው ትንሽ ቢዞር ይሻላል፤ ያልዞረ መሪ ይጎብጣል።

መሪ ከፍ ሲል የሚከተሉ ነገሮች አሉ፤ ሰው የሚረሳቸውም እነዚህ ናቸው። መሪው ከፍ ካለ በኋላ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩት። የፍሬኑ ሽቦ ከተወጠረ ወይም ሳትነኩት ፍሬኑ ከያዘ ሽቦውና ሽፋኑ አጥረዋል፤ ይቀየሩ። ረጅም ሽቦ ከጥገናው ሁሉ ርካሹ ነው። ለፍሬን ግን የማርሽ ሽፋን አትጠቀሙ። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ብረት ነው፤ የማርሹ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ናቸው፤ በድንገት ፍሬን ሲያዝ ሊፈነዳ ይችላል። በመልክ ስለሚመሳሰሉ ሻጭም ገዢም ይሳሳታል።

በአንዳንድ አሮጌ ማውንቴኖች ላይ የፊት ፍሬን ሽቦ በአንገቱ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ያልፋል፤ አንገቱ ራሱ የሽቦው መቆሚያ ነው። እዚህ አንገቱን 2 ሳንቲ ሜትር ማንሳት ፍሬኑን 2 ሳንቲ ሜትር መሳብ ነው፤ ፍሬኑ እንደገና ካልተስተካከለ ጎማው አይዞርም። በዘንግ ፍሬን የሚሠሩትም እንዲሁ ናቸው። በቲያንጂን እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚመረተው ፍላይንግ ፒጅን እና በእንግሊዝ አሮጌ ብስክሌት አምሳል የተሠሩት የቻይናና የህንድ ዘመዶቹ ከእጀታው እስከ ጎማው የሚወርድ ቀጭን ብረት ዘንግ አላቸው። ዘንጉ ላይ ያሉት ማሰሪያዎች ተላልተው እንደገና ካልተለኩ ከፍ ያለው መሪ ፍሬኑን ይዞት ይወጣል። ደግነቱ እነዚህ ሲፈጠሩም መሪያቸው ከፍ ያለ ነውና ጌቶቻቸው በዚህ ጉዳይ እምብዛም ጥገና ቤት አይመጡም። ጋቢ ለብሰው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ምንም ሳይቸኩሉ የሚያልፉትን አባቶች እኔ ለብዙ ዓመት በኮርሳዬ ላይ ጎብጬ ሳልፋቸው የምኮራ ነበርኩ። አሁን ማን ያውቅ እንደነበር ገባኝ።

አንድ ጣት ካገኘሁ በኋላ የቀረችኝ ሁለት ጣት ናት። ሰው እዚህ ሲደርስ ወዲያው የሚያስበው ረጅም አንገት ነው፤ እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር። የሦስተኛው ጥገና ቤት ልጅ ግን «አንገቱን ለምን ያስረዝሙታል? መሪው ራሱ ይውጣ» አለኝ፤ በጥያቄው ውስጥ የነገሩ ቁም ነገር አለ። እጃችን የሚያርፈው መሪው ጫፍ ላይ እንጂ አንገቱ ላይ አይደለም። ከመሃሉ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ኋላ የተቀለበሰ መሪ፣ የከተማ ብስክሌቶችና የሴቶች ብስክሌቶች ላይ የምናየው ዓይነት፣ ከአንገቱ ላይ ምንም ሳይጨምር 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊያስገኝ ይችላል። አንገቱ በመስመሩ ውስጥ ይቀራል፤ የሹካው ቱቦም ተጨማሪ ጫና የለበትም። አሮጌ የብረት መሪ ቁሳቁስ ተራ ይገኛል፤ እኔ የእኔን ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ምናለሽ ተራ ገብቼ ከብረት ክምር መሃል ነው የመዘዝኩት።

ገበያ ስትወጡ ግን ካሊፐር ያዙ፤ እሱ ከሌለ ልኩ የታወቀ ቁራጭ ቱቦ። መሪ ሁለት ውፍረት አለው፤ መሃሉ አንገቱ የሚያቅፈው ነው፣ ጫፉ እጅ የሚይዘው። ከብዙ አገር የመጡ አሮጌ መሪዎች መሃላቸው 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የጣሊያን ዘር የሆኑ ኮርሳዎች 26.0 ናቸው፤ ቺኔሊ የተባለው የቆየ ሥራ 26.4 ይሆናል። አዲሶቹ 31.8 ደርሰዋልና ለአሮጌ አንገት አይሞከሩም። ጫፋቸው ደግሞ ቀጥ ላሉት መሪዎች 22.2፣ ለኮርሳው ቆልማማ መሪ 23.8 ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ወጪ አለው፦ የኮርሳው የፍሬን እጀታ ለቀጥተኛው መሪ አይሆንም። ስለዚህ መሪ የሚገዛ ሰው ሁለት የፍሬን እጀታና ረጅም ሽቦ አብሮ ያስላ። ሁሉም ሁለተኛ እጅ ይገኛሉ፤ ሁሉም ተደምረው አዲስ ብስክሌት ቀርቶ አንድ አዲስ ጎማ ከነካላማዳሪው የሚያወጣውን ያህል እንኳ አላስወጡኝም።

የእኔ አንገት 26.0፣ ያገኘሁት መሪ 25.4 ሆነ። ስድስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር! በዚህ ክፍተት ብሎን ብታጠብቁ መሪው ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ይሽከረከራል። ብዙዎች የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ቀደው ይጠቀልላሉ። የቆርቆሮው ግድግዳ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ ሦስት ዙር ይፈልጋል፤ ሦስት የተነባበረ ስስ ነገር ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል። እኔ ላሜራ ቤት ሄጄ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ቁራጭ አስቆረጥኩ። እስካሁን ጸጥ ብሏል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ለሚበልጥ ክፍተት ግን ይህ ጨዋታ አይሠራም፤ ሌላ መሪ ፈልጉ።

የአሮጌ አንገት መያዣ ፊቱ አይከፈትም፤ መሪው በቀዳዳው ውስጥ ተሹለክልኮ ነው የሚገባው፣ ቅልብሱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይጠብቃል። እዚህ የጥገና ባለሙያዎች የሳንቲም ጥበብ አለ። የመያዣውን ብሎን ማውጣት፤ ጥርስ ካለው ጎን በኩል መልሶ ማስገባት፤ በስንጥቁ መሃል ሳንቲም ማቆም፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ማጥበቅ። ብሎኑ ሳንቲሙን እየገፋ መያዣውን ይከፍተዋል። ጥቂት ብቻ፤ አሉሚኒየም ከልኩ በላይ ሲከፈት ይሰነጠቃል። ለሳንቲማችን እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ ከተገኘለት ቆይቷል። የእጀታውን ጎማ ለማስገባትና ለማውጣት ደግሞ አረቄ ይመከራል፤ እያንሸራተተ ያስገባዋል፣ ከዚያ ይተንና ጎማው ይጠብቃል። ሳሙና ቶሎ አይደርቅም፤ ዘይት ጨርሶ አይደርቅም፤ በዘይት የገባ እጀታ ቁልቁለት ላይ እጅ ውስጥ ይቀራል። አረቄ የገዛሁት ለብስክሌት ነው ብዬ ያመነኝ ሰው ግን የለም።

ልጆች ያለ ምንም ወጪ ቆልማማውን መሪ ገልብጠው ቀንዱን ወደ ላይ ያስሩታል። ቁመቱ ይገኛል፤ የፍሬኑ እጀታ ግን አስፈላጊ በሆነባት ሰዓት ከጣት ይርቃል። ይልቅ ሳይገለብጡ መሪውን በመያዣው ውስጥ ትንሽ ወደ ላይ ማሽከርከርና የፍሬን እጀታዎቹን አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ መግፋት ይሻላል። ኮርሳውን መልቀቅ ለማይፈልግ ሰው ይህ በቂ ሊሆን ይችላል።

ረጅም አንገት መሪው ተወዶ ቁመቱ ብቻ ለጎደለ ሰው የሚሆን መፍትሔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የተመሠረተው የጃፓኑ ኒቶ ቴክኖሚክ የተባለውን 225 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንገት የሠራው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። አገራችን ገበያ ላይ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላመጣው። እኔም ከአሜሪካ ለምትመጣ የአክስቴ ልጅ «ለ1 ኢንች ሹካ የሚሆን አንገት» ብዬ ጻፍኩላት። የሹካው ቱቦ በውጭ በኩል 1 ኢንች ነው፤ አልዋሸሁም። እሷም አላጠፋችም፤ ውፍረቱ 1 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንገት ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ ከሽሮውና ከበርበሬው ቦታ ቀንሳ አመጣችልኝ። አይገባም። የሹካ ስም የሚወጣው በውጭ ውፍረቱ ነው፤ አንገቱ ግን የሚገባው ውስጥ ነው። የ1 ኢንች ሹካ የሚፈልገው 22.2 አንገት ነው፤ 25.4 የሚሆነው ለወፍራሙ ሹካ፣ ለአንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛው ነው። የቢኤምኤክስና የአንዳንድ ርካሽ የአሜሪካ ብስክሌቶች አንገት 21.1 ሲሆን፣ እንደ ፔዦ ያሉ የቆዩ የፈረንሳይ ሥራዎች 22.0 ናቸው። ለፈረንሳዩ 22.2ቱን በብርጭቆ ወረቀት ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ማሳሳት የቆየ ዘዴ ነው። 21.1ዱን 22.2 ቱቦ ውስጥ ማሰር ግን አይሞከር፤ ገብቶ የጠበቀ ይመስላል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይዞራል። ለዘመድ ስትጽፉ በኢንች አትጻፉ። የአሁኑን አንገታችሁን አውጥታችሁ በካሊፐር ለክታችሁ ቁጥሩን በሚሊ ሜትር ጻፉ፤ የመሪውንም መሃል ጨምሩበት።

ከታች 22.2 ሆኖ የሚገባ፣ ከላይ 28.6 ሆኖ አዲስ ዓይነት አንገት የሚቀበል መሸጋገሪያም አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ከአሮጌ ብስክሌት ወደ አዲስ ዕቃ በር ይከፍታል። ነገር ግን ሁለት ዕቃ መግዛት ነውና «በርካሽ» የሚለውን ቃል ይረሳዋል። መሃሉ ላይ እየታጠፈ ከፍታው የሚለወጠው አንገት ለፈተና ጥሩ ነው፤ የሚመቻችሁን ቁመት እስክታውቁ ለአንድ ወር ተውሳችሁ ሞክሩት። ለዘለቄታው ግን ከባድ ነው፣ ኮረኮንች ላይ መንቃቃት ይጀምራል።

ብስክሌታቸው አዲሱ ዓይነት ለሆነ ሰዎች ነጻው መፍትሔ አንገቱን ገልብጦ ማሰር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 7 ዲግሪ ዝንባሌ ያለው አንገት ሲገለበጥ 2.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስገኛል፤ 17 ዲግሪ የሆነው ደግሞ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ። መጀመሪያ የላይኛው ክዳን ብሎን ይላላ፣ ከዚያ የጎኖቹ። ሲታሰር ክዳኑ ይቅደም፣ ግን ኩሽኔታው እንዳይወዛወዝ ያህል ብቻ፤ አንገቱን የሚይዙት የጎን ብሎኖች ናቸው።

ብየዳን በተመለከተ ቃላት አላባክንም። አንገት ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በሙቀቱ ጠባዩ ይለወጣል፤ አሉሚኒየም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የተበየደው አንገት ለሳምንታት ምንም አይልም፤ ስንጥቁ ከውስጥ ጀምሮ ይሄዳል። የሚሰበረው ደግሞ ክብደት ሁሉ መሪው ላይ ሲያርፍ፣ ማለትም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው። ያን ጊዜ መሪው እጅ ላይ ይቀራል፤ ሰውየው አስፋልቱን በፊቱ ያገኘዋል። ብየዳ ለአጥር ነው፣ ለበር ነው፣ ለጋሪ ነው። አራተኛው ባለሙያ ማሽኑን ሲያስነሳ ብስክሌቴን ይዤ መሄዴን እንደ ስድብ ቆጥሮታል፤ ይቅር ይበለኝ።

ምን ያህል ከፍታ ይበቃል? ጀማሪ መሪውን ከኮርቻው እኩል ያድርገውና ከዚያ በጣት በጣት ይጨምር። በጣም ከፍ ያለ መሪ ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ይወስድና መቀመጫንና ወገብን ያሳምማል፤ ነፋሱንም ደረት ሙሉ ይቀበላል። አገሩም ይወስናል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ለጥ ያሉ ናቸውና እንደ ልብ ቀና ብሎ መንዳት ያምርባቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ከፍ ያለ መሪ የፊት ጎማውን ያቀለዋል፤ ዳገት ላይ የቀለለ ጎማ አቅጣጫ አይጠብቅም። የአሜሪካው ደንብ ራሱ ኮርቻው ዝቅ ብሎ መሪው ከፍ ሲል የመሪው ጫፎች ከኮርቻው በ406 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጡ ይከለክላል። እኔ ከዚህ ሩብ እንኳ አላስፈለገኝም፤ 2 ሳንቲ ሜትር ከአንገቱ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ከመሪው፣ በድምሩ ሦስት ጣት። ቀለበት ጣቴ በሁለተኛው ወር ነቃ፤ ትንሿ ትንሽ ቆየች።

የሚቀረኝ ለጥገና ባለሙያዎች የማቀርበው ልመና ነው። ልጆቼ፣ አሮጌ ብስክሌት ስትፈቱ መሪውንና አንገቱን ከብረቱ ጋር በኪሎ ለቆራሌው አትስጡ። በልኩ ምልክት አድርጋችሁ፣ 22.2 ከ22.2፣ 25.4 ከ25.4 ጋር፣ ምስማር ላይ ስቀሉት። እጁ የደነዘዘ ሽማግሌ ነገ ይመጣል።